የሥዕል ፍሬም ሥራ ውድድሩን በተመለከተ

ውድ የሐዋሳ ፍሬም ሠሪ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ለውድድሩ መግባት የምትፈልጉ ስማችሁን እስከ ዓርብ ለጸሐፊያችን ስጡ። በየሱቃችሁ የማየው የእጅ ሥራ ከማንም አያንስም፤ ይህን የምለው ለማበረታታት ብቻ አይደለም።

በአሜሪካው የፕሮፌሽናል ፍሬም ሠሪዎች ማኅበር ውድድር አንዱ ምድብ ለሁሉም ተወዳዳሪ አንድ ዓይነት ሥዕል የሚሰጥበት ነው። እኛም በዚሁ መንገድ ብንለማመድ ደስ ይለኛል፤ ሥዕሉ አንድ ሲሆን የሚለየን እጃችን ብቻ ነው።

ማዕዘኑ ላይ አትቸኩሉ። በ45 ዲግሪ የተቆረጡት ጫፎች ሲገጥሙ ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት መኖር የለበትም። እንጨት በክረምት እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ ስለዚህ በደንብ ያልደረቀ ዋንዛ አትቁረጡ።

ጀርባውም ይታያል፤ ብዙዎቻችን የምንዘነጋው ይህንን ነው። እባካችሁ ሥዕል በስኮች መለጠፍ ይቅር! ሙጫው እያደር ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ያበላሻል። በቀጭን ጠንካራ ወረቀትና በስንዴ ስታርች ሙጫ ከላይኛው ጠርዙ ብቻ ይያዝ፣ ከኋላው ወረቀቱን የማያበላሽ፣ ከአሲድ ነጻ የሆነ ካርቶን ይግባ፣ መስታወቱም ሥዕሉን አይንካው።

ጥሩ መቁረጫ የሌላችሁ፣ በተለይ አዲስ የገባችሁ እህት ወንድሞቻችን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ሱቄ ኑ፤ አብረን እንቆርጣለን።