ስንጥቁን ለምን አሰፋችሁት?

ይድረስ ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፤

እንደምን ሰነበታችሁ? ጀልባችሁን ለጥገና ሰጥታችሁን በማግስቱ ስትመጡ ብዙዎቻችሁ ትደነግጣላችሁ። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አሳይታችሁን፣ መዳፍ የሚያህል ቁስል ይጠብቃችኋል። «ምነው አባሳችሁትሳ?» ትሉናላችሁ። አንፈርድባችሁም። በከተማችን ሐይቅም ሆነ በአርዲቦ ሐይቅ ላይ ዓሣ ለሚያወጣ ሰው ጀልባው የቤቱ እንጀራ ነው። ግን አብሽሩ፣ ያሰፋነው በምክንያት ነው።

ጀልባችሁ የተሠራበት ፋይበር በሬዚን፣ ማለትም ሲደርቅ በሚጠነክር ሙጫ፣ የተያያዘ የመስታወት ክር ነው። ሲሰነጠቅ ክሩ ይበጠሳል። የተበጠሰ ክር ደግሞ ላዩ ላይ ስቱኮ (ሊጥ መሳይ መሙያ) ስለተቀባ አይቀጠልም። አዲሱ የፋይበር ጨርቅ ከአሮጌው ጋር ሰፋ አድርጎ መጨባበጥ አለበት። ስለዚህ ዙሪያውን እንደ ዝርግ ሳህን ወደ መሃል እያሳሳን በግራይንደር እንሞርደዋለን። መለኪያችን 12 ለ 1 ነው። ግድግዳው 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው፣ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ 6፣ 6 ሳንቲ ሜትር ይሞረዳል። ከዚያ በፊት ቦታውን በአሴቶን፣ ቅባት በሚያስለቅቅ ፈሳሽ፣ እናጸዳለን፤ ሰምና ዘይት ካለበት የግራይንደሩ ዲስክ መልሶ ወደ ውስጥ ያሸዋል። ውሃ የጠጣ ፋይበር ከሆነም እስኪደርቅ እንጠብቃለን። በክረምት ይኼ ብቻ ቀናት ይበላል።

አሁን ስለ ስቱኮ። ሥራ በጀመርንበት ሰሞን አንድ ደንበኛ ቸኩለውብን፣ ከውሃ በታች ያለውን ቦታ በመኪና ስቱኮ ሞላነው። ሲወጣ መስታወት ይመስል ነበር። ከወራት በኋላ ጀልባው ተመልሶ መጣ። ቀለሙ አብጧል። በጥፍር ስንነካው ስቱኮው እንደ ረጠበ ጠመኔ ተፈረፈረ። ሰውዬው አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩንም፤ እኛ ግን ያንን ቀን አንረሳውም። በነፃ መልሰን ሠራነው። የመኪና ስቱኮ ውስጡ ያለው ዱቄት ውሃ ይጠጣል። ከዚያ ወዲህ ከውሃ በታች የምንሞላው በኤፖክሲ፣ ማለትም ከማድረቂያው ጋር ተደባልቆ በሚጠነክር ሙጫ፣ በተለወሰ መሙያ ነው። ይወደዳል፣ ግን ውሃን ይችላል።

ኤፖክሲ ትዕግሥት ይፈልጋል። ሲደርቅ ላዩ ላይ ቅባት መሳይ ነገር ያወጣል። በውሃና በስፖንጅ ካላጠብነው ብርጭቆ ወረቀቱን ይደፍነዋል፣ ቀጣዩንም ንብርብር አያስይዝም። ብርድ ሲሆን ደግሞ ይዘገያል፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ የሚደርቅበት ጊዜ እጥፍ ገደማ ይሆናል። «ሃርድነር (ማድረቂያውን) ጨምሩበትና ይፍጠን» የምትሉን አላችሁ። በኤፖክሲ አይሆንም። ልኩ ከተዛባ እንደላላ ይቀራል።

ከሁሉ በላይ ጉልበት የሚጨርሰው ማለስለሱ ነው። በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት እንጀምራለን፤ ቀጥሎ 120፣ መጨረሻ ላይ 220። ወረቀቱን በጣት ይዞ መፈተግ የለም፤ ጣት ጎድጓዳ ይሠራል። ረጅም ጣውላ ላይ ጠቅልለን በሰያፍ፣ አንዴ ከግራ አንዴ ከቀኝ እንስባለን። ከዚያ ጥቁር ቀለም ስስ አድርገን እንረጭና እንደገና እንፈትጋለን። ጥቁሩ የቀረበት ቦታ ጎድጓዳ ነው፤ እንደገና ይሞላል። ይኼ አንዳንዴ ሦስት አራት ጊዜ ይደጋገማል። በመጨረሻ ዓይናችንን ጨፍነን በመዳፍ እንዳብሰዋለን። ዓይን ያለፈውን ጉብታ መዳፍ ያገኘዋል።

እባካችሁ፣ ስንጥቁን ለመድፈን ብላችሁ ቤት ውስጥ ሲሊኮን አትቀቡበት። ሲሊኮን የነካው ቦታ ሌላ ነገር አልይዝም ይላል፤ እሱን ማስለቀቅ ከጥገናው ይብሳል። ከቻላችሁ ጀልባውን ጥቂት ቀን ቀድማችሁ አውጡት፣ ገልብጣችሁ ጥላ ውስጥ አቆዩት። ስትጎበኙን ልጆች ይዛችሁ አትምጡ፤ የመስታወት ብናኝ ነው፣ ሳንባ ይጎዳል። ለእናንተ ማስክ በር ላይ አለ። ብናኙ ቆዳችሁን ካሳከከ አትሹት፣ በቀዝቃዛ ውሃ አስለቅቁት።

ጀልባችሁን ለመረከብ ስትመጡ ቀለሙን በማየት ብቻ አትሂዱ። ጥገናው የት እንደነበር እናሳያችኋለን፤ በእጃችሁ ዳብሱት። ጉብታ ካገኛችሁ እዚያው ንገሩን፣ ገንዘብ ሳንቀበል እናስተካክለዋለን፤ ሒሳቡ የሚከፈለው ተስተካክሎ ሲያልቅ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የጥገና ቤቱ ሠራተኞች
ሐይቅ ከተማ፣ ደቡብ ወሎ