ይድረስ ለአባባ፦ መሬቱን አይቼው መጣሁ

ውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ ተሻለዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ባለፈው በስልክ «ከሞፈር ከቀንበር ያወጣሁህ ልጅ ተመልሰህ ልትገባበት ነው?» ሲሉኝ ዝም አልኩ። በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ነው። እህቴ ታንብብልዎ፤ ሲደክምዎ ታቋርጥና ነገ ትቀጥል።

ለእርሻ መሬት ልገዛበት ያሰብኩት ቦታ ቨርነን ካውንቲ ይባላል፤ አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን የሚባለው ግዛት ውስጥ ነው። ካውንቲ ማለት እንደ እኛ ወረዳ ቢያስቡት ነው። ሕዝቡ 30 ሺህ ገደማ ነው። ከምንኖርበት ከሚኒያፖሊስ ከተማ ሦስት ሰዓት ያህል ያስነዳል። ሚድዌስት፣ ይህ የአሜሪካ መካከለኛ ምዕራብ ክፍል፣ ሲባል ሰው የሚያስበው እንደ ምጣድ የተዘረጋ ሜዳ ነው። ይሄኛው ግን ሌላ ነው። ድሮ ሌላውን አገር ደፍጥጦ ያለፈው የበረዶ ግግር እዚህ አልደረሰም። ሸንተረሩም ሸለቆውም እንዳለ ቀርቷል። መጀመሪያ ቀን መኪናዬን ዳር አቁሜ ብዙ ቆየሁ። ቀያችንን መሰለኝ።

ከፍታው ግን አያታልልዎት። ሸንተረሩ ላይ 400 ሜትር ገደማ ነው፤ በእኛ አነጋገር ቆላ ነው። ብርዱ ግን መንዝን ያስንቃል። ታኅሣሥና ጥር ላይ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ የሚደርስ ሌሊት አለ። ውርጩ ግንቦት ገብቶም ቶሎ አይለቅም።

መጀመሪያ ያሳዩኝ ሸለቆ ውስጥ ያለ 40 ኤከር ነው፤ 16 ሄክታር ማለት ነው። አፈሩ ጥቁር፣ ወንዙ ከጎኑ፣ ዋጋውም ረከስ ያለ። ልቤ ወዲያው ሄደ። ከዚያ ልጅ ሳለሁ ወንዝ ዳር ወስደው ያሳዩኝ ነገር ትዝ አለኝ፤ ጎርፍ ዛፍ ላይ ሰክቶት የሄደው ገለባ። እዚህም ዛፎቹን አየሁ። ጭራሮና የአጥር ሽቦ ከራሴ በላይ ተንጠልጥሏል። ጎረቤቱን ጠየቅኩት። በፈረንጆቹ 2018 ነሐሴ ላይ በወረደ ዝናብ እዚያ አካባቢ አምስት ግድቦች ተሰብረዋል። አጠገቡ ባለው ካውንቲ ደግሞ ሶልጀርስ ግሮቭ የምትባል መንደር ከ1978ቱ ጎርፍ በኋላ ሱቆቿን ነቅላ ከፍታ ላይ ወጥታለች። ሸለቆውን ተውኩት።

አሁን ዓይኔ ያረፈው ሸንተረር ላይ ያለ 20 ኤከር ነው። እዚያ ደግሞ የሚያሳስበው የውሃ ጉድጓዱ ነው። ከሥር ያለው የኖራ ድንጋይ ስንጥቅ የበዛበት ነው። ላይ የተበተነ ፍግና ማዳበሪያ ሳይጣራ ወደ ውሃው ሊሰርግ ይችላል። ከዚያ ውሃው ውስጥ የሚገባውን ነገር ናይትሬት ይሉታል፤ ለሕፃን አደገኛ ነው። የላቦራቶሪ ውጤት ሳላይ እንደማልፈርም ለሻጩ ነግሬዋለሁ።

አስተራረሳቸውን ቢያዩ ደስ ይልዎታል። ድሮ ዳገቱን ቁልቁል እያረሱ አፈሩን አስበልተውት ነበር። በ1933 መንግሥት በአገሪቱ የመጀመሪያውን የተፋሰስ ጥበቃ ሥራ የጀመረው እዚሁ፣ ኩን ቫሊ ላይ ነው። አሁን ዳገቱን ይዘው አግድም ያርሳሉ፤ በበቆሎው መሃል ሳር ይተዋሉ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ይህን ሲያስረዳኝ ስለ እርስዎ እርከን ነገርኩት። ድንጋዩን በትከሻ ነው ያመላለሱት ስለው ባርኔጣውን አወለቀ። አሚሽ የሚባሉት፣ ከዘመናዊ መሣሪያ የሚርቁ ክርስቲያኖች፣ ደግሞ ዛሬም በፈረስ ያርሳሉ። አጥር እንኳ በሕግ የጋራ ነው። በልማድ ከጎረቤትዎ ጋር ድንበሩ መሃል ላይ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ በቀኝዎ ያለው ግማሽ የእርስዎ ነው።

«ጥቁር ሰው በሌለበት እንዴት ትኖራለህ?» ብለውኛል። ትክክል ነው፤ አብዛኛው ነጭ ነው። ግን ሂልስቦሮ አጠገብ ሻያን ቫሊ የሚባል ቦታ አለ። ከ1850ዎቹ ጀምሮ ጥቁር ገበሬዎች ሰፍረው ያረሱበት ነው። ከእነሱ የተወለደው አልጊ ሺቨርስ የሠራቸው ክብ ጎተራዎች ዛሬም ቆመዋል። አንዱን አየሁት። እንደ እኛ ጎጆ ክብ ነው። ደጃፉ ላይ ቆሜ ዓይኔ እንባ ሞላ።

የሚከብደኝ ቤተ ክርስቲያን ነው። ለቅዳሴ ሚኒያፖሊስ መመለስ አለብን፤ በየሳምንቱ አይቻልም። ባለቤቴ ነርስ ስለሆነች ላ ክሮስ ከተማ ሥራ ታገኛለች፤ ከመሬቱ አንድ ሰዓት አይሞላም። እኔም ሥራዬን አልለቅም፤ ከቤት በኮምፒውተር እሠራለሁ። በ15 በግና በነጭ ሽንኩርት እጀምራለሁ።

አባባ፣ እርስዎ እርሻ ሲባል የሚታይዎት መከራው ነው። የበሬው እዳ፣ ዝናቡ የቀረበት ዓመት፣ ግብሩ። አልፈርድብዎትም። እኔ ግን ልጅ ነበርኩ፤ የማየው እርስዎን ነበር። ማታ ከእርሻ ሲገቡ እጅዎ አፈር አፈር ይሸት ነበር። ልጆቼ የእኔን እጅ እንደዚያ አያውቁትም።

መጋቢት መጨረሻ በረዶው ሲቀልጥ ተመልሼ እሄዳለሁ፤ ውሃው ወዴት እንደሚወርድ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ያኔ ነው። እስከዚያ አንድ ነገር ይንገሩኝ። በብርዱ ወራት ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ ነው የሚመጣው። የበጎቹን በረት በር ወዴት ላዙረው?

ካልተቀየሙኝ ደግሞ ይመርቁኝ። ምርቃትዎን እህቴ በስልኳ ቀድታ ትላክልኝ፤ ልጆቹም ይስሙት።

ልጅዎ