ደብዳቤ ለልጄ፦ በራስሽ አትጀምሪ፣ በራስሽ አታቁሚ

ልጄ፣ እናቴ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ብርዱ ሲበረታ ይነዘንዛታል እንጂ ሌላ ክፉ የለም። ደብረ ብርሃን ዘንድሮ ውርጩ ጠንክሯል።

ይሄን በእጄ ጽፌ የወንድምሽ ልጅ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል። በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነበር። ድምፅሽን ስሰማ ያሰብኩት ሁሉ ይጠፋብኛል። አንቺ «ደህና ነኝ አባዬ» ትያለሽ። እኔ «ተመስገን» እላለሁ። እንዘጋለን።

እህትሽ ነገረችን። እንዳትቆጫት፣ እኔ ነኝ አስጨንቄ ያናገርኳት። በምትሠሪበት ነዳጅ ማደያ ውስጥ ሽጉጥ ከተደቀነብሽ አራት ወር ሊሞላ ነው። ሥራውን ትተሻል። ሱቅ አትገቢም። የበር ደወል ሲጮህ የያዝሽውን ትለቂያለሽ። ልቤ ልትቆም ነው ብለሽ ሁለት ጊዜ ድንገተኛ ክፍል ሄደሽ፣ ልብሽ ጤነኛ ነው ተብለሽ ተመልሰሻል። ሌሊት መብራት ሳታጠፊ ቁጭ ብለሽ ታነጊያለሽ። ይሄን ሁሉ ችዬ ሰማሁ። ያልቻልኩት የመጨረሻውን ነው። ጓደኛሽ የሰጠችሽን ዛናክስ የሚባል የጭንቀት ማስታገሻ ክኒን በወይን እያወራረድሽ ነው አለችኝ።

ስሚኝ ልጄ። በራስሽ አትጀምሪ፣ በራስሽ አታቁሚ። ሌላውን ባታነቢ እንኳ ይቺን አንብቢ።

ያ ክኒን ከመጠጥ ጋር ሲገናኝ ትንፋሽ ያደክማል። ተኝቶ ሳይነቃ የቀረ ሰው አለ። ደግሞስ ከሰው እጅ የተገኘ ክኒን ምን እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ? እዚያ አሜሪካ ዛናክስ እየተባለ ፌንታኒል የሚሉት ገዳይ ማደንዘዣ ያለበት ሐሰተኛ ክኒን ይሸጣል። ጓደኛሽ ለክፉ አስባ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እሷም ከማን እንዳገኘችው አላውቅም፣ አንቺም አታውቂም። ወይኑን ዛሬውኑ ተዪው። ክኒኑን ግን በየቀኑ ስትወስጂ ከቆየሽ ተናደሽ በአንዴ እንዳትጥዪው። ሰውነት ከለመደው በኋላ በድንገት ሲቋረጥ ያንቀጠቅጣል፣ እንደሚጥል በሽታ መሬት ላይ ይጥላል። ቀስ በቀስ የሚያወርደው ሐኪም ነው። ነገ ጠዋት ደውዪና ቀጠሮ ያዢ። ስንት ሚሊግራም፣ ለስንት ሳምንት፣ ከምን ጋር እንደወሰድሽ አንድም ሳትደብቂ ንገሪያቸው።

አባቴ ይሄን ከየት አመጣው ትዪ ይሆናል። ባለፈው ሳምንት ሲስተር ጋ ሄጄ ነው። አታውቂያትም። 2006 ዓ.ም. ላይ ሐሙስ ሐሙስ «የጡረተኞች ስብሰባ አለብኝ» እያልኩ የምወጣው እሷ ጋ ነበር። የአእምሮ ጤና ነርስ ናት። ለእናትሽ እንኳ የነገርኳት ዘግይቼ ነው። ለአንቺ ይኸው አሁን መንገሬ ነው።

ለምን እንደሄድኩ ልንገርሽ። ቅንድብሽ ላይ ያለችውን ጠባሳ ሰው ሲጠይቅ «ከአልጋ ወድቃ ነው» እንላለን። እናትሽ አለች፣ እኔም አልኩ፣ በመጨረሻ አንቺም አመንሽው። አልወደቅሽም ልጄ።

1993 ዓ.ም. ነበር፣ ነሐሴ 13። ሰባት ዓመትሽ ነው። ዝናቡ አባርቷል። እናትሽ ሙልሙል ጋግራ ቤቱ ሸቷል። አንቺ በሩ ላይ ቆመሽ ሆያ ሆዬ ባዮቹን ትጠብቂያለሽ። እኔ እንደየዓመቱ ጓዳ ገብቼ ሬዲዮ ከፍቻለሁ። ከምጽዋ ጦርነት ወዲህ ቡሄ ለእኔ በዓል ሆኖ አያውቅም። ልጆቹ እየጨፈሩ መጡ። አንዱ ጎረምሳ ልክ ደጃፋችን ላይ ጅራፉን አጮኸ። አንዴ። ሁለቴ።

ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ሲሚንቶው ላይ በደረቴ ተኝቼ ነው። አንቺ ከሥሬ ነሽ። እጄ አፍሽን ይዟል። እኔ ያኔ ደብረ ብርሃን አልነበርኩም። የካቲት 1982 ነበር፣ ምጽዋ ጥዋለት ደሴት ላይ ነበርኩ። የሸተተኝ ሙልሙል ሳይሆን ባሕርና የተቃጠለ ነዳጅ ነው። አልጋ ሥር ስከትሽ የአልጋው ብረት ቅንድብሽን ሰንጥቆታል። ደሙን ያየሁት እናትሽ ስትጮህ ነው። አንቺ አላለቀስሽም። ዝም ብለሽ ታዪኝ ነበር።

ሦስት ቦታ ተሰፋሽ። ወደ ክሊኒክ ስንሄድ «ከአልጋ ወደቀች በሉ» ያልኩት እኔ ነኝ። በማግስቱ አረቄ ቤት ገባሁ። ከዚያ በፊትም እቀምስ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ግን እንደ መድኃኒት ያዝኩት። አዎ፣ አንድ ሁለት መለኪያ ያስተኛል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ግን ሰውነቴ በላብ ርሶ እነቃለሁ፣ ልቤ ደረቴን ይደበድበዋል። በሚቀጥለው ቀን ሦስት መለኪያ ያስፈልጋል። ያንቺን ወይን ስሰማ የታየኝ ያ መለኪያ ነው። ለዚህ ነው የምጨቀጭቅሽ። በራስሽ አትጀምሪ፣ በራስሽ አታቁሚ።

ሲስተር አንድ ነገር ነግራኝ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ይሄ ከክፉ አደጋ በኋላ አልለቅ የሚል የአእምሮ ሕመም ሕክምና ውስጥ ፒቲኤስዲ የሚል ስም የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው አለችኝ። ከቬትናም የተመለሱት ወታደሮች ጉዳይ ነው የገፋው። አስቢው፣ እኔ ምጽዋ ላይ ከመውደቄ አሥር ዓመት በፊት ስም ነበረው። እኔ ግን 23 ዓመት ሙሉ ፈሪ ሆኛለሁ ብዬ ነው የኖርኩት። ሽጉጥ ደግሞ ጦር ሜዳ ብቻ አይደለም ያለው፣ ማደያም አለ። «እኔ እኮ ጦርነት አልሄድኩም» እንዳትዪኝ። እህትሽን እንዲህ እንዳልሻት ሰምቻለሁ።

ሐሙስ ሐሙስ ምን እንደምናደርግ ልንገርሽ። መጀመሪያ ክኒን ብቻ መስሎኝ ነበር። ፍሉኦክሴቲን የሚባል የድብርትና የጭንቀት መድኃኒት ታዞልኝ ወስጃለሁ፣ ጠቅሞኛል። አንድ ቀን ግን ሲስተር ረጅም ገመድ አምጥታ ወለሉ ላይ ዘረጋችው። ከግቢው ጠጠር ለቅማለች፣ ከአጥር ሥር አበባ ቀጥፋለች። «ይሄ ገመድ ሕይወትዎ ነው፤ ደስ ያለዎት ቦታ ላይ አበባ፣ የከፋዎት ቦታ ላይ ድንጋይ ያስቀምጡ» አለችኝ። ስደተኞችን ለማከም የተቀመረ ዘዴ ነው። እጄ ተንቀጠቀጠ። ትልቁን ድንጋይ የካቲት 1982 ላይ አኖርኩ። እሱን ጠብቄው ነበር። ያልጠበቅኩት ሌላ ነው። አንዲት ትንሽ ጥቁር ጠጠር ይዤ ብዙ ቆየሁና 1993 ላይ አስቀመጥኳት። «ይቺስ?» አለችኝ። መናገር አቃተኝ። ከዚያች ጠጠር ትንሽ ከፍ ብሎ፣ 1986 ላይ፣ ያንቺ አበባ ነበር።

ከዚያ ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀምሮ በቅደም ተከተል አስወራችኝ። ምን አየሁ፣ ምን ሸተተኝ፣ እግሬ ምን ላይ ቆሞ ነበር። በየሐሙሱ ትጽፈዋለች፣ በሚቀጥለው ታነብልኛለች፣ እኔ አስተካክላለሁ። መጀመሪያ ላይ ባሰብኝ። ሁለት ሳምንት ቅዠቱ ጨመረ፣ ልቀር አስቤም ነበር። ስድስተኛው ሐሙስ ላይ ስታነብልኝ ግን የሌላ ዘመን ነገር ሆኖ ተሰማኝ። አሳዛኝ ነው፣ ግን ያለፈ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ምጽዋ ለእኔ አላለፈም ነበር።

ስለ አንቺ ስነግራት ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩ። አንቺ ያለሽበት አገር በሰፊው የሚሰጡት ሦስት ዓይነት የንግግር ሕክምናዎች አሉ። አንደኛው የሆነውን ደግሞ ደጋግሞ ማውራትና የተሸሸውን ቦታ በጥቂት በጥቂቱ መቅረብ ነው። ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 15 ቀጠሮ ይወስዳል። አንቺ ለምሳሌ መጀመሪያ ቀን ላይ ከእህትሽ ጋር ከማደያ ማዶ ትቆሚያለሽ፣ ሌላ ቀን ገብተሽ ውኃ ገዝተሽ ትወጫለሽ። ቴራፒስቱ ነው ደረጃውን የሚያወጣው። ሁለተኛው 12 ቀጠሮ ገደማ ነው። «ገንዘቡን ቶሎ ብሰጠው ኖሮ»፣ «ጥፋቱ የኔ ነው» የሚሉትን ሐሳቦች ጽፈሽ አንድ በአንድ ትመረምሪያቸዋለሽ። ይሄኛው ላንቺ ይሆናል ብዬ አስባለሁ፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ ጥፋት ወደ ራስሽ ትስቢያለሽ። ሦስተኛው ኢኤምዲአር ይባላል። ያንን ቀን እያሰብሽ ዓይንሽ የሐኪሙን ጣት ግራና ቀኝ ይከተላል። እኔ ሲነገረኝ ጥንቆላ መሰለኝ። ሲስተር ግን ተጠንቶ የተረጋገጠ ነው ብላኛለች፣ እሷን አምናለሁ።

መድኃኒትም አለ። እዚያ አገር ለዚህ ሕመም ተብለው የተፈቀዱት ሰርትራሊንና ፓሮክሴቲን ናቸው። እንደ ዛናክስ ወዲያው አያደነዝዙም። አራት፣ ስድስት ሳምንት ትዕግሥት ይጠይቃሉ። መጀመሪያ ሰሞን ሊያቅለሸልሽሽ፣ እንቅልፍ ሊያዛባብሽ ይችላል። እነሱም ቢሆኑ ተሻለኝ ተብሎ በአንዴ አይጣሉም። እኔ ሦስተኛው ወር ላይ ድኛለሁ ብዬ ጥዬ፣ ራሴ እየዞረ ግድግዳ ይዤ ነው የተመለስኩት። በራስሽ አትጀምሪ፣ በራስሽ አታቁሚ፣ እናቴ። ዛናክስን በተመለከተ የእነሱ የጦር ጉዳተኞች ሐኪሞች እንኳ ለፒቲኤስዲ አትስጡ የሚል መመሪያ አላቸው። ለጊዜው ያደነዝዛል፣ ቁስሉ ግን እንዳለ ነው።

ያ ልብሽን የሚያስቆም የሚመስልሽ ነገር ፓኒክ የሚሉት ድንገት የሚመጣ ብርቱ ፍርሃት ነው። ልብሽን መርምረዋል፣ ደህና ነው። ሲመጣ አትሩጪ። ተቀመጪ፣ እግርሽን መሬት አስነኪ፣ ወደ ውስጥ ከምትስቢው አየር የምታስወጪውን አስረዝሚ። አሥር ደቂቃ ገደማ ላይ ጣሪያ ነክቶ ይወርዳል። ሁሌም ይወርዳል።

እናትሽ ከሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል አስመጥታልሻለች፣ በሚመጣ ሰው ትልካለች። ጠጪው። እኔም ሄጄ ተጠምቄያለሁ፣ ልቤ አርፎልኛል። መድኃኒቱን ግን በጸበሉ አትተኪ። በኤችአይቪው ጊዜ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱ እንደማይጣሉ ለምእመናን ተናግረው ነበር፣ እናትሽ እስከ ዛሬ ትጠቅሰዋለች።

አሁን የምታደርጊውን ልንገርሽ። እህትሽ አጣርታለች። የወንጀል ተጎጂዎችን የሚክስ ፈንድ በየስቴቱ አለ፣ የምክር ሕክምና ክፍያ ይሸፍናል። የፖሊስ ሪፖርቱን ቁጥር ፈልጊና ያዢ፣ ማመልከቻው የጊዜ ገደብ አለው። ሥራ ላይ እያለሽ ስለደረሰብሽም የሠራተኛ ካሳ ይገባሽ እንደሆነ ጠይቂ። እንግሊዝኛሽ ጥሩ ነው፣ ግን እንዲህ ያለ ነገር በአማርኛ ነው የሚወጣው። አማርኛ የሚናገር ቴራፒስት ካላገኘሽ አስተርጓሚ ጠይቂ፣ ሆስፒታሉ በነፃ ማቅረብ አለበት። እህትሽን አስተርጓሚ አታድርጊ፣ በእሷ ፊት የማትናገሪው ይኖራል። አንድ ሌሊት መኖር ካስጠላሽ ደግሞ 988 ደውዪ፣ ሌሊትም ያነሳሉ። ከዚያ እኔን ቀስቅሺኝ። እዚህ ስንት ሰዓት ነው ብለሽ አታስቢ።

የበርበሬው ፌስታል ውስጥ ትንሽ በሶ አለ። ጠዋት በጥብጠሽ ጠጪ፣ ከስተሻል ተብሏል። ቡናውን ከሰዓት በኋላ አትጠጪ፣ እንቅልፍ ይነሳሻል።

ስለዚያች የቡሄ ቀን እስከ ዛሬ ይቅርታ ጠይቄሽ አላውቅም። ጉልበት አጥቼ ነበር። ልጄ፣ ይቅር በዪኝ። አንቺ ያን ቀን ምንም አላጠፋሽም፣ ማደያው ውስጥም ምንም አላጠፋሽም።

ቀጠሮ እንደያዝሽ ቀኑን ላኪልኝ፣ በደብተሬ እጽፈዋለሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤት ነኝ። ስትደውዪ በካሜራ ይሁን፣ ጸጉርሽንም ከግንባርሽ ላይ ሰብስቢው። ፊትሽን በደንብ ማየት እፈልጋለሁ።

አባትሽ