ሃያ ሳንቲም ምን አላት?

ሰላም የቅዳሜ ውይይት ቤተሰቦች!

ይህ ሳምንት ተራው የታክሲ ሒሳብ ነው ብለናል። ስለ ራሳችን ከመነጫነጫችን በፊት ግን ብራዚል ደርሰን እንምጣ።

ጁን 2013፣ ሳኦ ፓውሎ። የአውቶቡስና የሜትሮ ዋጋ ከ3 ሪያል ወደ 3.20 ከፍ አለ። ጭማሪው 20 ሳንቲም ናት። ሕዝቡ ግን ግልብጥ ብሎ ወጣ።

ነገሩ የሳንቲሟ ብቻ አልነበረም። መንግሥት ለ2014ቱ የዓለም ዋንጫ ስታዲየም ቢሊዮኖች ያፈሳል፤ ሠራተኛው በታጨቀ አውቶቡስ ቆሞ ይሄዳል። «የፊፋ ደረጃ ያለው ሆስፒታል እንፈልጋለን» የሚል ጽሑፍ የያዙ ነበሩ። ኳስ በሚመለክበት አገር! ፖሊስ አስለቃሽ ጭስና የጎማ ጥይት ሲተኩስ ደግሞ ሰልፈኛው ባሰበት። ጁን 19 ጭማሪው ተሰረዘ። በማግስቱ ግን በመላ አገሪቱ ከሚሊዮን በላይ ሰው አደባባይ ወጣ።

እና ጥያቄዬ፦ የሚያናድደን የጭማሪው መጠን ነው ወይስ ገንዘቡ የት እንደሚሄድ ማየታችን?

የወር የትራንስፖርት ወጪያችሁን ደምራችሁ ኑ። እኔ ደምሬ ደንግጫለሁ።

ሰዓቱ ያው 9፡00 ነው። ቡናው በእኔ።