ዋናውን ታሪክ ዘለሉት

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣውን «ፋንታስቲክ ፎር» የተሰኘ የልዕለ ጀግኖች ፊልም ተመልካች የጠላው በተዋናዮቹ አይደለም። ማይክል ቢ. ጆርዳንም ማይልስ ቴለርም ጎበዞች ናቸው። ችግሩ ታሪኩ ነው። አራቱ ወጣት ጀግኖች ልዩ ኃይል አገኙ፣ ሰውነታቸው ተለዋወጠ፣ ከእነሱ አንዱ ሪድ ጓደኞቹን ጥሎ አመለጠ፣ ልባችን ተንጠልጥሎ ቀጥሎ ምን ይመጣ ይሆን ስንል «ከአንድ ዓመት በኋላ» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለና ማየት የፈለግነውን ሁሉ ዘለለው! እንዴት ያናድዳል። ከአዲሱ ገላቸው ጋር ሲታገሉ፣ ሲኳረፉ፣ ሲታረቁ ማየት ነበረብን። ጠላታቸው ዶክተር ዱምማ መጨረሻ ላይ መጥቶ ወዲያው ይሸነፋል። የተዋናይቷ የኬት ማራ ዊግ ሳይቀር የትኛው ትዕይንት በድጋሚ እንደተቀረጸ ያሳብቃል። ስታን ሊ እና ጃክ ኪርቢ እ.ኤ.አ. በ1961 አራቱን በኮሚክ መጽሐፍ ሲፈጥሯቸው እየተነታረኩም የሚዋደዱ ቤተሰብ ነበሩ። እዚህ ግን አራቱ አብረው የሚሠሩት ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ብቻ ነው። እኔን ከሁሉ በላይ ያበሳጨኝ ይሄ ነው።

አንድ የኮሚክ አፍቃሪ