ስለ ተዋናይት የሚጻፈው ስትጀምርና ስትሞት ብቻ ነው?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የኪነ ጥበብ ገጻችሁን ሁሌም አነባለሁ። ስለ ውጭ አገር ተዋንያን ስትጽፉም ደስ ይለኛል። ግን አንድ ነገር ያናድደኛል። ስለ አንዲት ተዋናይት የምትጽፉት ወይ ገና ብቅ ስትል፣ ወይ ሽልማት ስትወስድ፣ ወይ ስትሞት ነው። መሀል ላይ ያለው ሠላሳ አርባ ዓመት የት ገባ? ያ ዘመን ያለፈው በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማና በሳይንስ ፊክሽን ከሆነማ ጭራሽ እንደ ሥራም አይቆጠርም።

እንግሊዛዊቷን ሉዊዝ ጄምሰንን እዩ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ነው።) በ1973 «ኢመርዴል ፋርም» በተባለው ተከታታይ ድራማ ላይ ሻረን የምትባል ወጣት ሆና ገባች። ብዙም አልቆየችም፤ በድራማው ታሪክ የመጀመሪያዋ የግድያ ሰለባ የሆነችው እሷ ናት። በ1977 ደግሞ «ዶክተር ሁ» በተባለው የእንግሊዝ ሳይንስ ፊክሽን ድራማ ላይ ሊላን ሆነች፤ ቆዳ ለብሳ ቢላ የታጠቀች የጎሳ ተዋጊ። ብዙ ሰው እስካሁን የሚያወራው ስለዚያች ቆዳ ነው፤ እኔን የሚገርመኝ ግን አሠራሯ ነው። ጄምሰን የሊላን እንቅስቃሴ የቀዳችው ከገዛ ውሻዋና ከአንዲት ትንሽ ልጅ ነው። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ስታዳምጥ፣ የማታውቀውን ነገር ሳታፍር ፊት ለፊት ስትጠይቅ አስተውሉ። ይኼን ልብስ አይሰጥም። በዚያ ላይ ሰማያዊ ዓይኗን ቡናማ ለማድረግ ሌንስ አስገብተውባት በደንብ ሳታይ ነበር የምትተውነው፤ በኋላ ላይ ነው በአንዱ ታሪክ ውስጥ የፍንዳታ ብልጭታ የዓይኗን ቀለም ቀየረው ብለው የገላገሏት።

አወጣጧ ግን እስከ ዛሬ አይዋጥልኝም። በ1978 ስትለቅ ጄምሰን የፈለገችው ሊላ እንድትሞት ነበር፤ ለተዋጊ የሚመጥነውም እሱ ነው። የድራማው አዘጋጆች ግን ሳይታሰብ ለአንድ የጥበቃ አዛዥ ዳሯትና አበቃ።

ከዚያ «ቴንኮ» እና «በርዠራክ» በሚባሉ የቴሌቪዥን ድራማዎች፣ ከ1998 እስከ 2000 ደግሞ «ኢስትኤንደርስ» በተባለው ተከታታይ ድራማ ሮዛ ዲ ማርኮ የምትባል የልጆች እናት ሆና ሠራች። ሊላንም ጨርሳ አልተወቻትም፤ ቢግ ፊኒሽ የተባለው ድርጅት በሚያዘጋጃቸው የድምፅ ድራማዎች ውስጥ ለብዙ ዓመታት በድምፅ ብቻ ተውናታለች። በ2022 ደግሞ ከግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ ወደ መጀመሪያው ድራማ ተመለሰች፤ አሁን «ኢመርዴል» ነው የሚባለው። የተገደለችው ወጣት የነበረችበት ቦታ ሜሪ የምትባል አሮጊት ሆና መጣች፣ ያውም ዕድሜዋን ሙሉ ሴት እንደምታፈቅር ደብቃ የኖረች አሮጊት። እንዲህ ያለ የሥራ ዘመን አንድ ሙሉ ገጽ አይገባውም?

ተከታታይ ድራማ ቀላል ነው የሚሉ ሰዎች አሠራሩን ያዩት አይመስለኝም። በሳምንት ብዙ ክፍል ይተላለፋል። ለልምምድ የሚተርፍ ጊዜ የለም ማለት ይቻላል። ትዕይንቱ የሚቀረጸው በታሪኩ ቅደም ተከተል አይደለም፤ ጠዋት የቀብሩን ለቅሶ ቀርጻ ከሰዓት በኋላ ሟቹ በሕይወት ያለበትን ሳቅ ልትስቅ ትችላለች፣ ደግሞም ሁለቱም እውነት መምሰል አለባቸው። ሳይንስ ፊክሽን በሌላ በኩል ይከብዳል። የሌለ ጭራቅ እያየች ትፈራለች። በየትኛውም ቋንቋ ትርጉም የሌለው የማሽን ስም ከልቧ ትናገራለች። እሷ ካላመነች እኛም አናምንም፤ ከካርቶን የተሠራው ጭራቅም ካርቶን ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ አዘጋጆች፣ የምለምናችሁ ከባድ ነገር አይደለም። ከእንግዲህ ከአንዲት የተከታታይ ድራማ ተዋናይት ጋር ቃለ መጠይቅ ስታደርጉ፣ ስለ ትዳሯና ስለ መልኳ ከመጠየቃችሁ በፊት በቀን ስንት ትዕይንት እንደምትቀረጽ፣ ቃለ ተውኔቱንም መቼ እንደምታጠና ጠይቋት።

አንባቢያችሁ