እንቦጩን ነቅለን የት እናድርሰው?

ጤና ይስጥልኝ ውድ አባላት፣

ባለፈው ያነሳነው ጉዳይ፣ የነቀልነውን እንቦጭ የት እናድርሰው የሚለው፣ እንቅልፍ ነስቶኛል። ይህ የውሃ ላይ አረም ጣና ሐይቅ ላይ በ2004 ዓ.ም. ከታየ ወዲህ ስንት ጊዜ ዘመቻ ወጣን! ነቅለን ዳር ላይ እንከምረዋለን። ክረምት ሲገባ ሐይቁ ሞልቶ መልሶ ይወስደዋል። ያ ሁሉ ጉልበት ውሃ በላው።

አረሙ ራሱ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው። ስለዚህ እርጥቡን በመኪና ሩቅ ማጓጓዝ አያዋጣም። እዚያው ዳር ላይ ወደ ኮምፖስት (የተብላላ የተፈጥሮ ማዳበሪያ) ወይም ወደ ባዮጋዝ (ለማገዶ የሚሆን ጋዝ) መቀየር አለበት። ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዘሩ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ኮምፖስቱ በደንብ ካልጋለ አረሙን በገዛ እጃችን ማሳ ላይ ዘራነው ማለት ነው። ይህን በመለኪያ የሚያረጋግጥልን ተመራማሪ ነው፤ በግምት አይሆንም።

ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። እዚሁ ባሕር ዳር ያለው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ፣ የድሮው ፖሊቴክኒክ፣ በ1955 ዓ.ም. ሲከፈት ጨርቃ ጨርቅ፣ ብረታ ብረትና የእርሻ መካኒክስ የሚያስተምረው ለሥራ የሚሆን ባለሙያ ለማፍራት ነበር። ዛሬም ከዩኒቨርሲቲው ጋር ስንቀመጥ የምንጠይቀው ይህንኑ ነው፦ መደርደሪያ ላይ የሚቀር ጥናት ሳይሆን ዳር ላይ የሚሠራ ማሽን።

ከመንግሥት ቦታና ፈቃድ እንጠይቅ። ከፋብሪካ ባለቤቶች ደግሞ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር በጽሑፍ እንያዝ፤ ከአረሙ የሚወጣውን ምርት ማን ይገዛል? እኔ እንደሚመስለኝ ብዙ ጥሩ ሥራ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው።

ዓሣ አስጋሪ አባላት፣ አረሙ በየትኛው ወር ከየት በኩል እንደሚገፋ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። እባካችሁ እስከ ቅዳሜ ጽፋችሁ ወይም በድምፅ ላኩልን። ለተመራማሪዎቹ ይዘን የምንሄደው እሱን ነው።